ከመስፈርቱ በታች

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን ጠዋት ከመኝታ ቤቷ ስትወጣ ልጇን ኮሪደር ላይ ማነከስ ስትለማመድ አገኘቻት። ልጅቱ መብራት አላበራችም። ከወጥ ቤቱ መስኮት በሚገባው ፈዘዝ ያለ ብርሃን፣ በቁምጣና በካልሲ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ በር ተነስታ ግድግዳ ተደግፎ እስከቆመው ብስክሌት ትሄዳለች፤ ትዞርና ትመለሳለች። አንዴ ግራ እግሯን እንደ ከረጢት ትጎትተዋለች፤ ቆም ትልና ራሷን ትነቀንቃለች፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ የእግሯን ጣቶች ብቻ ወለሉ ላይ እየዳበሰች ታልፋለች። ይሄም አልሆን ይላታል። ጫማ መሸጫ ገብቶ ልኩን ያጣ ሰው ነበር የምትመስለው። እናት የበሩን መቃን ይዛ አየቻት። በዚያ ቤት ውስጥ ስለዚያ እግር በግልጽ የሚያወራ አልነበረም። «ቀጥ በይ» ይባል ነበር፣ «እግርሽን አንሺ» ይባል ነበር፣ ደረጃ ላይ ሲሆን «እያየሽ» ይባል ነበር፤ ማነከስ የሚለው ቃል ግን እንደ ሙት ስም ሳይጠራ ነው የኖረው።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለቻት።

ልጅቱ አልደነገጠችም። «አረማመዴን እየፈለግሁት ነው።»

«የምን አረማመድ?»

«የራሴን ነዋ። ሳልጠነቀቅ ስሄድ እንዴት ነበር የምሄደው? አንቺ ትዝ ይልሻል እማ?»

እናት ትዝ ይላታል። ግን «ሻይ ልጣድ» ብላ ወደ ወጥ ቤት አለፈች።

ልጅቱ የትራያትሎን ስፖርተኛ ናት። መጀመሪያ ይዋኛል፣ ከውሃው እንደወጡ ብስክሌት ይነዳል፣ ከብስክሌቱ እንደወረዱ ይሮጣል፤ መሐል ላይ እፎይ የሚባል ነገር የለም። ሰፊዋ ይህን መጀመሪያ የሰማች ጊዜ «ሦስቱንም ባንድ ጠዋት? ለመሆኑ ማን አሳደዳችሁ?» ብላ ልጇን አስቃታለች። የአካል ጉዳተኞቹ ውድድር ደግሞ በምድብ ነው፤ ዓይነ ስውሩ ከዓይነ ስውር፣ እጅ የሌለው እጅ ከሌለው፣ እግሩ የሰለለው እግሩ ከሰለለው ጋር። ማን የቱ ምድብ እንደሚገባ ድሮ የሚወስነው አንድ ሐኪም ነበር፤ «ሱሪሽን ሰብስቢ» ይላል፣ ያያል፣ ይፈርማል። ሐኪሙ ደግሞ ዘመድም ወዳጅም አለው፤ ሰውም ተንኮል አያጣም። «ጉልበቴ አይታጠፍም» ብላ ልጅቱን ቀድማ ሜዳሊያ ያጠለቀች አንዲት ተወዳዳሪ፣ ብዙም ሳትቆይ በወንድሟ ሰርግ ላይ ቁጢጥ ብድግ እያለች ስትጨፍር በየሰዉ ስልክ ላይ ታየች። ያኔ ስፖርተኞቹ ተሰብስበው ጮኹ። «በዓይን ሳይሆን በልክ እንመደብ፤ ለሁላችንም አንድ ዓይነት መለኪያ ይኑር» አሉ። ቤት ውስጥ አፏ ውሃ የያዘ የምትመስለው ይህችው ልጅ ስብሰባው ላይ ተነስታ ከሁሉ ረጅሙን ተናገረች። ተጨበጨበላት። መለኪያውም መጣ። አዲሱ አሠራር የያንዳንዱን ጡንቻ ጉልበት በነጥብ ይመዝናል፤ ጉዳቱ ነጥቡን የሞላ ምድብ ያገኛል፣ ያልሞላ ከመስፈርቱ በታች ነው ተብሎ ይሰናበታል። ዛሬ ተራው የእሷ ነው። ሰፊዋ ከሰሞኑ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ተረት ምላሷ ጫፍ ላይ እየመጣ ያስቸግራታል፤ ቶሎ ትውጠዋለች።

ችግሩ እግሩ ራሱ ነው፤ አመለኛ ነው። ልጅቱ ዳዴ በምትልበት ዕድሜ የያዛት ትኩሳት ሲለቃት እግሩ ከጉልበት በታች ቀጥኖ ቀረ፤ ጨርሶ ግን አልሞተም። ካረፈ ደህና ነው፤ ጠዋት ጠዋት ላላወቀ ሰው ምንም የለበትም። ዋና ከዋኘች፣ ብስክሌቱን ከነዳች በኋላ ግን የእግሯ ጫፍ እንደ ረጠበ ጨርቅ ይንጠለጠላል፤ ሩጫውን የምትጨርሰው እግሯን ከዳሌዋ እያነሳች እየወረወረች ነው። ሰፊዋ ይህን በዓይኗ ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ልጇ ስትሮጥ አጥሩን ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

ቁርስ ላይ አባትየው ሬዲዮውን ጆሮው ሥር አድርጎ ዳቦውን ሻይ ውስጥ ይነክራል። ዕድሜውን በአውቶቡስ ሹፌርነት ፈጅቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ወንበር ላይ ሲቀመጥ እንኳ መሪ እንደያዘ ሁለት እጁን ወደፊት ያወጣል። ከልጁ ጋር የሚያወሩት ስለ አየሩና ስለ መንገዱ ነው። «ዛሬ በዚያ በኩል መንገድ ይቆፍራሉ አሉ» አላት። «እሺ አባዬ» አለችው። በዚሁ ተጨረሰ። አንድም ቀን ውድድሯን መጥቶ አይቶ አያውቅም፤ ልጅቱም «ና» ብላው አታውቅም። ሰፊዋ በሁለቱ መሐል እንቁላሉን አስቀመጠች፤ ማንም ሳይነካው ቀዘቀዘ። ያኔ ስልኳ ጮኸ። አሰልጣኙ ነበር፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጅቷ ስልኬን አታነሳም። ከመምጣቷ በፊት በደንብ ትሩጥ። ዳገት ትውጣ። እግሯ ደክሞ ይዩት» አላት። ሰፊዋ ስልኩን ይዛ ወደ ልጇ ዞረች። ልጅቱ ሳታስጨርሳት «አላደርገውም» አለች። «ያቺን ጨፋሪ ስድብ ያወረድኩባት እኔ አይደለሁ እንዴ?» አባትየው ከሬዲዮው ቀና ብሎ ሁለቱንም ተራ በተራ አየና ወደ ሬዲዮው ተመለሰ።

አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ልጅቱ ደረጃው ላይ ስትደናቀፍ አይተው ለመነሳት ተነቃነቁ፤ እሷ ደግሞ «ይቀመጡ አባባ፣ እኔ ደህና ነኝ» ብላ በሁለት እግሯ ቀጥ አለች። አፏ የለመደው ይህንኑ ነው። ሰፊዋ በመስኮቱ የሱቆቹን ሰሌዳ እያየች ሌላ ነገር ታስባለች። ሰው አስተካክላ ስትለካ የኖረች ሴት ናት፤ አንዱ ትከሻው ዝቅ ያለውን ኮት የምታስቀና፣ የጎደለውን ዳሌ በገበር የምትሞላ። የልጇን ሱሪዎች ሁሉ ግራውን ከቀኝ ሰፋ አድርጋ የሰፋቻቸው እሷ ናት፤ ቅጥነቱ እንዳይታይ። ዛሬ ግን መደበቁ ሳይሆን ማሳየቱ ነው የጨነቃት። ምደባው ያለበት ስታዲየም ገና ሩቅ ሳለ ድንገት ተነሳችና «እዚህ እንውረድ» አለች።

«ገና እኮ ነው እማ።»

«ልቤን አፈነኝ፤ ትንሽ ነፋስ ልቀበል።»

ወረዱ። ዕቃ የሚራገፍበትን መንገድ ይዘው ዳገቱን ጀመሩት። በታች በኩል አቋራጭ እንዳለ ሰፊዋ ታውቃለች፤ አላነሳችውም። የመንገድ ማቋረጫ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ደግሞ መኪናው ባይበዛም «በድልድዩ እንሻገር፣ አደጋ ነው» ብላ በደረጃው መራቻት። ማዶ ወርደው ጥቂት እንደሄዱ «ዚፕ ልጠይቅ» ብላ መልሳ አሻገረቻት። ሱቁ ውስጥ የዚፑን ዋጋ ሰምታ «ልብሱም አብሮ ነው?» ብላ ባለ ሱቁን ተከራከረች፤ ሳትገዛ ወጣች፤ እንደገና ድልድዩ። ሦስተኛው ውጣ ውረድ ላይ ልጅቱ የብረት መደገፊያውን ይዛ ቆመች።

«እማ፣ እያደከምሽኝ ነው አይደል?»

«እኔ?»

«ዚፕ ስትጠይቂ እኮ ቀለሙን እንኳ አልነገርሽውም።»

ተያዩና ሳቁ። ሳቃቸው ግን ብዙ አልተራመደም። ልጅቱ «ተዪ» አላለችም፤ «እንሂድ» ብላ ወደ ረጅሙ መንገድ ዞረች፤ እናት ከኋላዋ ሆና የእርምጃዋን ድምፅ አዳመጠች። ቀስ በቀስ ያ ድምፅ መጣ፤ ጫማው አስፋልቱን ጠፍ፣ ጠፍ ማድረግ ጀመረ። ያ ድምፅ ዕድሜ ልኳን ጆሮዋን ሲበላት የኖረ ነው። አሁን ግን፣ እግዜር ይቅር ይበላት፣ ደስ አላት።

ምደባው የሚካሄደው ከተመልካች መቀመጫው ሥር ባሉት ክፍሎች ነበር፤ ጣሪያቸው ዘመም ያለ፣ ግድግዳቸው አዲስ ቀለም የተቀባ፣ ወለላቸው የመድኃኒት ሽታ ያለው። በጊዜ ደርሰዋል። ተራው ግን አልደረሰም። የሚመዝነው መሣሪያ አልነሳ አለ፤ የሚጠግነው ሰው ተጠራ፤ ሰውየው መጣና ሌላ ሰው ይጠራ አለ። ከዚያ የምሳ ሰዓት ሆነ። ኮሪደሩ ውስጥ ባለው አግዳሚ ላይ ክራንች የያዙ፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ያሉ ሰዎች በመደዳ ተቀምጠዋል። ሰፊዋ የልጇን እግር ሰረቅ እያደረገች ታያለች። እግሩ ያርፋል። ደቂቃው በሄደ ቁጥር ያ ሁሉ ዳገትና ድልድይ እንደ ውሃ ከውስጡ ሲፈስ የምታየው መሰላት። «ትንሽ ወዲህ ወዲያ በይ» አለቻት። ልጅቱ «ሰው ያያል» አለች። አጠገባቸው ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የሌለ ጎረምሳ ተቀምጧል፤ ኮሪደሩን ሁሉ የሚያስቅ ነገረኛ ነው። እሱ ገብቶ የወጣው መሣሪያው ከመበላሸቱ በፊት ነበር፤ እህቱን እየጠበቀ ነው። «እኔን ምንም አላስቸገሩኝም እናቴ» አላት። «አዩ፤ ጨረሱ። የሌለ ነገር አይደበቅም። የሚያስቸግረው ኖሮ የማይሠራው ነው።» ሰፊዋን እንደ መርፌ ወጋት፤ ሳቅ ግን ሰጠችው። ወደ ጥግ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ደግሞ የሚሰማ ሹክሹክታ ይዘዋል። «ያቺ ደግሞ ምን ሆና ነው?» አለች አንዷ። «ሰው አጅባ መጥታ ይሆናል» አለች ሌላዋ። ልጅቱ ሰምታለች፤ የጫማዋን ክር ፈትታ እንደገና አሰረችው።

ሲጠሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ የተቀበሏቸው። አንዷ ፀጉሯ መሸበት የጀመረ፣ ድምፀ ለስላሳ ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ ሌላው ቱታ የለበሰ፣ ድሮ ሯጭ የነበረ ዳኛ ነው። ሰፊዋ ጥግ ላይ ባለች ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ተፈቀደላት፤ እንዳትናገር ተነገራት። ፊዚዮቴራፒስቷ ልጅቱን አልጋው ላይ አስተኝታ ቁርጭምጭሚቷን ያዘች። «ወደ ራስሽ ሳቢው። አትልቀቂ። እኔ ወደ ታች እጫናለሁ፣ አንቺ አትሸነፊ።» ልጅቱ ሳበች። የአንገቷ ሥር ተገተረ፤ ከንፈሯ ነጣ። ሰፊዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ «ተዪው! ልቀቂው!» ብላ በሆዷ ጮኸች። ያቺ ልጅ ግን «አትሸነፊ» ተብላ መሸነፍ አታውቅም። ይህን ያስተማራት ማነው? ጠዋት ጠዋት ውሃ ውስጥ የከረመው፣ ዓመት በዓመት ያንን ቀጭን ጡንቻ እንደ ሕፃን እየመገበ ያሳደገው ጉልበት በሙሉ እዚያች አልጋ ላይ ወጥቶ ቆመ። ፊዚዮቴራፒስቷ ራሷ ተገርማ «ጎበዝ» አለች፤ መሣሪያውን ደቅና፣ አንብባ፣ ነጥቡን ለዳኛው ነገረችው። ሰፊዋ በልጇ ኮራች፤ ወዲያው ደግሞ ኩራቷን ጠላችው።

ቀጥሎ መራመድ ነበር። ወለሉ ላይ ቀይ ፕላስተር ቀጥ ብሎ ተለጥፏል። «መስመሩ ላይ ሂጂ፤ እንደልማድሽ» አላት ዳኛው። ሰፊዋ መስመሩን ስታይ የቤታቸው ወለል ታወሳት። ልጅቱ ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት፣ ልጆች እንዳይስቁባት፣ እናት በልብስ መስፊያ ጠመኔዋ የሳሎኑን ወለል ከዳር እስከ ዳር አስምራ በየማታው ታስኬዳት ነበር፤ አንዴ ከመስመር ከወጣች እንደገና ከመጀመሪያው። ያቺ ልጅ በመስመር ላይ ከመሄድ የበለጠ የምታውቀው ነገር የለም። አሁንም ቀይ ፕላስተሩን እንዳየች አገጯ ከፍ፣ ትከሻዋ ቀጥ አለ፤ እግሮቿ ተራ በተራ እንደ ልብስ ስፌት መርፌ መስመሩን እየወጉ ሄዱ። ጫፍ ደርሳ ዞረች። ፊቷን ያየችው እናት ብቻ ነበረች፤ ሊያለቅስ የደረሰ ፊት ነበር። ጠዋት ኮሪደር ላይ ስትፈልገው የነበረው አረማመድ አሁንም አልተገኘም።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች ልጅቱ ቆማ። «መጀመሪያ ልሩጥ። ብስክሌትም ስጡኝ፣ ልንዳ። ከዚያ እዩኝ። እግሬ የሚወድቀው ያን ጊዜ ነው።»

ዳኛው በትህትና ነበር የመለሰላት። «ውድድር ላይ የምናየው በዚህ በር ያለፈውን ነው። በሩ ደግሞ አልጋው ላይ ያለው ልኬት ነው። ለሁሉም አንድ ነው።»

«ለሁሉም አንድ መሆኑን እኔ ነኝ የጠየቅሁት» አለች።

ሰፊዋ እንዳትናገር መባሏን ረሳች። «ከሩጫ በኋላ እኮ» ብላ ተነሳች፣ «ከሩጫ በኋላ እግሯን አልጋ ላይ የማወጣው እኔ ነኝ፤ በሁለት እጄ፤ እንደ ዕቃ። ጫማዋን ተመልከቱት፣ ጫፉን ተመልከቱት፣ በየወሩ ነው የሚበሳው! ደረጃ ላይ ስንቴ ወድቃለች...»

«እማ፣ በቃ» አለች ልጅቱ። ጮክ አላለችም። እናት ዞር ስትል ልጇ እስከ ጆሮዋ ቀልታለች። በቤታቸው ውስጥ ተነግሮ የማያውቀው ነገር ሁሉ በሁለት ሰው ፊት ተዘርግፎ ነበር፤ ለዚያውም በከንቱ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ሰፊዋን በክንዷ ደግፋ አስቀመጠቻት። «አምንዎታለሁ እናቴ» አለቻት። «ግን የናትን ቃል ብንቀበል እዚህ የሚመጣ ሁሉ እናት አለው። ያቺም ሰርግ ላይ የጨፈረችው እናቷን ይዛ ነበር የመጣችው፤ እንባዋን አይቶ ነው ሐኪሙ የፈረመው።» ሰፊዋ የተነገራት ነገር ሐሰት ቢሆን ኖሮ ትጮህ ነበር፤ እውነት ነበር።

ውጤቱን እዚያው ነገሯቸው። ጉዳት አለ፤ ከሚፈለገው ግን ጥቂት ይጎድላል። ከመስፈርቱ በታች። ለጥቂት ነው። በጥቂትም በብዙም መጉደል ግን ያው ነው፤ ምድብ የለም፤ ምድብ ከሌለ ውድድር የለም። ከጤነኞቹ ጋር መሮጥ ትችላለች፤ የሚከለክላት የለም። ይህን ሲላት ዳኛው ዓይኑን ከዓይኗ አነሳ፤ ድሮ ሯጭ ስለነበረ ከጤነኞቹ ጋር መሮጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ግቢው ውስጥ አሰልጣኙ ፊሽካውን በጣቱ ላይ እየጠቀለለና እየፈታ ይጠብቅ ነበር። ፊታቸውን አይቶ ገባው። «ተናግሬ ነበር» አለ፤ ወዲያው ደግሞ ማለቱ ቆጨው። ሰፊዋ ስለ ይግባኝ ጠየቀችው። ይግባኝ የሚለው የምትወዳደርለት ክለብ እንጂ ስፖርተኛው አይደለም፤ ክለቡ ደግሞ አዲሱ አሠራር ይምጣ ብሎ ሲሟገት የከረመ ነው፤ ገና በመጀመሪያው ሳምንት በራሱ ልጅ ጉዳይ ልከራከር ቢል ሰው ምን ይለዋል? ይህን ሁሉ ያስረዳት መሬቱን በጫማው እየጫረ ነው። መጨረሻ ላይ ለመናገር ያቃተው ሌላ ነገር እንዳለ አስታወቀ። «ብስክሌቷ የክለቡ ናት» አለ። «አሁን አይደለም፤ ሲመቻችሁ። አንዲት አዲስ ልጅ አለች፣ ተራ እየጠበቀች...» ልጅቱ «አጥቤ አመጣታለሁ» አለችው። አሰልጣኙ እጁን ዘርግቶ ትከሻዋን ሊነካ ፈለገ፤ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረና ፊሽካውን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ወደ በሩ ሲያመሩ ፊዚዮቴራፒስቷ ጋዋኗን እንደለበሰች ከኋላቸው ደረሰች። ልጅቱ አልቆመችም፤ እናት ቆመች። ሴትየዋ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ልጅቱ ስትሄድ ከኋላ አየቻት። ከዚያ ሁሉ ልፋትና እልህ በኋላ እግሩ ደክሞ ነበር፤ ጫፉ ጠጠሩን እየጫረ ነው የሚሄደው። «አሁን ይታያል» አለች ፊዚዮቴራፒስቷ። «አየሽው?» አለች ሰፊዋ፤ እርስዎ ማለቱን ረስታዋለች። «አያለሁ። ድካምን የሚለካ ነገር አልሠራንም ገና። ጠይቀናል፤ ያጠናሉ፤ ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያ ያየሁትን ሳይሆን የለካሁትን ነው መጻፍ የምችለው።» እጇን ዘረጋች፤ ሰፊዋም ጨበጠቻት። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚረገም ሰው አለማግኘቷ ከሁሉ ነገር በላይ አደከማት። ክፉ ሰው ቢኖር ኖሮ ቢያንስ እየረገሙት ቤት ይገቡ ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር ብዙ ቆሙ። ሰፊዋ «ልብስ ስፌቱን ታግዢኛለሽ እስከዚያው» ልትል አሰበች፤ እስከ የትኛው? ተወችው። «ከጤነኞቹ ጋር ብትሞክሪውስ?» ልትልም ነበር፤ ያንንም ተወችው። ልጅቱ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ «እማ፣ መስመሩን ሳየው እግሬ ብቻውን ሄደ» አለች። «እያወቅሽ ነው እንዴ?» «አይ፣ እኔ ብዬው አይደለም። ብቻውን ነው የሄደው።» እናት ቦርሳዋን ከፍታ ምንም ሳታወጣ ዘጋችው።

አባትየው በረንዳው ላይ ሆኖ ሲመጡ አይቷቸው ኖሮ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ሬዲዮው ጠፍቷል። «እህስ? ምን አሏችሁ?» አለ። ሰፊዋ ወደ ውስጥ አለፈች። ልጅቱ በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር መፍታት ጀመረች። ቀና ሳትል «ጤነኛ ነሽ አሉኝ» አለች።

እንደ ሬት መራራ አድርጋ ነበር የተናገረችው። አባትየው ግን ስለ ነጥብና ስለ ምድብ ማንም ቁጭ ብሎ ያስረዳው የለም፤ ምርመራ እንዳለ ብቻ ነው የሚያውቀው። ጆሮው ቃሉን ወሰደ፣ ምሬቱን ተወው። «ምን አልሽ?»

«ጤነኛ ነሽ አሉኝ አባዬ። ጉዳት የለብሽም ነው የሚሉት።»

ሰውየው ግድግዳውን ያዘ። ያቺን ልጅ ያን ጊዜ በትከሻው ተሸክሞ ከክሊኒክ ክሊኒክ የዞረው እሱ ነው፤ ሥራ ውሎ አድሮ፣ በሚያርፍበት ቀን፣ በሰማበት አገር ሁሉ። የሄደበት ሐኪም በሙሉ «ከዚህ በላይ አይሻሻልም፣ ልመዱት» ነበር የሚለው። አንድ ቀን መጠየቁን አቆመ። ውድድሯን የማያየውም፣ ልጅቱ እንደምትጠረጥረው አፍሮባት አይደለም፤ ያ እግር ሲጎተት ማየት አቅቶት ነው። ይህን ሰፊዋ ታውቃለች፤ ለልጇ ግን ነግራት አታውቅም። አሁን አባትየው ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ በልጁ ፊት ቁጭ አለ። እናቱን ሲቀብር ያላለቀሰ ሰው ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «እስቲ ድገሚልኝ» አላት። «ሐኪሞቹ ናቸው ያሉት? ራሳቸው?»

ሰፊዋ «አይ፣ ነገሩ እንኳ...» ብላ ጀመረች። ልጅቱ በአባቷ ራስ ላይ አሻግራ አየቻትና ራሷን ወዘወዘች። ትንሽ ብቻ። ከዚያም «አዎ አባዬ፣ ራሳቸው ናቸው» አለችው።

አባትየው ግንባሯን ሳማት፤ ካደገች ወዲህ ያላደረገው ነው። ተነሳና ስልኩን ፍለጋ ሳሎኑን አተራመሰው፤ እጁ ላይ ነበር የተገኘው። የደወለው ሌላ ከተማ ላለችው እህቱ ነው፤ በዚያ የሕመም ጊዜ ሕፃኗን ታቅፋ ስታድር ለከረመችው። በስልክ ሳይሆን ገደል ማዶ ላለ ሰው የሚጣራ ይመስል ይጮኻል። «ዛሬ! ዛሬ ነው እንጂ! አይ፣ አንድ ሐኪም አይደለም፤ በመሣሪያ ነው! ጤነኛ ናት አሉ! ... እንዴት አላምንም ትያለሽ፣ ቆይ፣ ቆይ እናቷን ላቅርብልሽ።» ስልኩን ለሰፊዋ ዘረጋላት። ፊቱ ላይ ያለውን ብርሃን ሰፊዋ ካየችው ብዙ ዘመን ሆኗታል።

ስልኩን ተቀበለች። ከወዲያ በኩል ዋርሳዋ ሳግ እየተናነቃት ነው። «እውነት ነው?» ትላለች፣ «የኔ እህት፣ እውነት ነው?» ልጅቱ ዱካዋ ላይ እንደተቀመጠች አንዱን ጫማ አውልቃ፣ ሌላኛውን ገና ሳታወልቅ፣ እናቷን ታያለች። አባትየው ቆሞ ይጠብቃል።

«እውነት ነው» አለች ሰፊዋ። «ለክተዋታል።»